ወራሹና ተረኛው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አምቦን፣ ባኮንና ሲሬን አልፎ ወደ ምዕራብ የሚሄድ መንገደኛ፣ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ፣ ክረምቱ ረዥም፣ አፈሩ ቀይ፣ ቡናው ከየጓሮው የማይጠፋበትን የወለጋን ኮረብታማ አገር እያየ ነቀምቴ ይደርሳል። በዚህች ከተማ ውስጥ የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት ተብሎ የሚጠራ፣ ቤቶቹ በአብዛኛው ከእንጨት የታነጹ፣ ዛሬ ለጎብኚ የተከፈተ ግቢ አለ። አስጎብኚ የቤቱን ትውልድ ሲቈጥር በከሬ ጎዳናን፣ የበከሬን ልጅ ሞሮዳን፣ የሞሮዳን ልጅ ኩምሳን፣ የኩምሳን ልጅ ሀብተ ማርያምን በተራ ይጠራል፤ ሰሚውም አራቱን ስም በአንድ ትንፋሽ ተቀብሎ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል። በዚያ ግቢ ሳንቃ ላይ የቆመ ሰው ግን ቆም ብሎ ሊያስበው የሚገባ ነገር ያለ ይመስለኛል፤ እርሱም በአንዱ ስምና በሌላው ስም መካከል ያለው ዘመን ነው። አባት በወንበሩ ተቀምጦ በሚፈርድበት በዚያ ሁሉ ዓመት፣ ሹመቱ እንደማይቀርለት አገር የሚያውቅለት ልጅ ምን ይሠራ ነበር? ማንስ ያስተምረው ነበር?

የታሪክ ጸሐፍት ስለ ነገሡት ብዙ ጽፈዋል፤ ሊነግሡ ሲጠባበቁ ስለ ኖሩት የጻፉት ግን ጥቂት ነው። ቅዱስ መጽሐፍ በዚህ ረገድ ከታሪክ ጸሐፍት ይበልጥ አስተዋይ ሆኖ እናገኘዋለን። ዳዊት በሳሙኤል እጅ ቅብዐ ንግሥ ከተቀባ በኋላ ሳኦል ገና በዙፋኑ ሳለ ብዙ ዘመን ጠብቋል፤ ነገር ግን ሥራ ፈትቶ አልጠበቀም፤ በገና ደረደረ፣ ጭፍራ መራ፣ ተሰደደ፣ የተበደሉትን በዋሻ ሰብስቦ አስተዳደረ፣ ሳኦልን ሊገድል በሚችልበት ሰዓት እጁን ሰበሰበ። የገዛ ልጁ አቤሴሎም ግን በአባቱ ከተማ ያለ አንዳች ግብር ተቀምጦ ስለ ነበር፣ ባለጉዳዮችን በር ላይ እየጠበቀ የሕዝቡን ልብ መስረቅን ሥራው አደረገ። ሁለቱም ተጠባባቂዎች ነበሩ፤ የለያቸው በመጠበቂያው ዘመን የተሰጣቸው ወይም የተነፈጋቸው ሥራ ነው። ወለጋ ይህን ነገር ለመመርመር ከሌላው አገር ይልቅ የምትመች ናት፤ ምክንያቱም በዚያች ምድር ሥልጣን በደም የሚተላለፍበትም በተራ የሚተላለፍበትም ሥርዓት ኖሯል።

በተራ የሚተላለፈው ይቀድማል። የገዳ ሥርዓት ወንዶቹን በአምስት ጓድ ከፍሎ፣ እያንዳንዱ ጓድ ስምንት ዓመት እንዲያስተዳድር፣ ስምንተኛው ዓመት ሲፈጸምም ባሊውን፣ ማለትም የሥልጣን ምልክት የሆነውን የሰጎን ላባ፣ ለተከታዩ ጓድ እንዲያስረክብ ያዛል። የአምስቱ ጓድ ዙር አርባ ዓመት ይፈጃል፤ ልጅም ከአባቱ አርባ ዓመት ዘግይቶ ያንኑ መንገድ ስለሚከተል፣ አባት ሥልጣኑን ለገዛ ልጁ ከእጅ ወደ እጅ ሊያስረክብ የሚችልበት ጊዜ ከቶ አይመጣም። ከአባት የሚረከበው የሌላ ሰው ልጅ ነው፤ ልጅም የሚረከበው ከሌላ ሰው አባት ነው። ይህን ያሰቡት አበው የሰውን ልብ አብጠርጥረው ያውቁ እንደ ነበር አልጠራጠርም፤ አባት በልጁ ፊት ሞቱን የሚያይበትን፣ ልጅም የአባቱን ዕድሜ በጣቱ የሚቈጥርበትን ፈተና ከሥሩ ነቅለው አውጥተውታልና።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ግን ለተረኛው የተበጀለት ደረጃ ነው። ወደ ገዳ ከመግባቱ በፊት ያለው የስምንት ዓመት ደረጃ ራባ ዶሪ ይባላል፤ በዚህ ደረጃ ያሉ ሰዎች ሕጉን ያጠናሉ፣ በጉባኤ ተቀምጠው የሽማግሎችን ክርክር ያዳምጣሉ፣ መሪዎቻቸውን ይመርጣሉ፣ ይፈተናሉም። መጠበቁ ራሱ ማዕርግ ነው፤ መነሻውም መድረሻውም የታወቀ ነው፤ ከእርሱ አስቀድሞ ያለው ሰው እስኪሞት መጠበቅ ሳይሆን፣ ጸሐይና ወቅት የሚያደርሱትን ቀን መጠበቅ ነው። ያስረከቡትም ወደ ዩባነት፣ ማለትም ወደ አማካሪነት ደረጃ ያልፋሉ እንጂ አይዋረዱም። በሆሮ ጉዱሩ በኦዳ ቡሉቅ፣ በምዕራብ ሸዋም በኦዳ ቢሲል ጥላ ሥር ሕግ ሲታወጅ የኖረው በዚህ ሥርዓት ነው። እርግጥ ሴቶች ከሹመቱ ውጭ ነበሩ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ስለ ሥርዓቱ የተናገርሁት ሁሉ ውዳሴ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እንዲህ የተራቀቀው ሥርዓት በ19ኛው መቶ ዓመት በሜጫ ኦሮሞ አገር ለምን ተናጋ ቢባል፣ መልሱ በገበያና በጦር ሜዳ ይገኛል። የወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ የዝባዱና የቡናው ንግድ ዐባይን ተሻግሮ እስከ ጎጃም ገበያዎች በደረሰበት ዘመን፣ የንግዱን መንገድ የሚጠብቀውና ቀረጡን የሚሰበስበው አባ ዱላ፣ ማለትም የጦር አለቃው፣ ስምንት ዓመቱ ሲያልቅ ጦሩንና ሀብቱን ለማስረከብ ልቡ እምቢ አለው። ባሊውን ማስረከብ ለሽማግሌ ይቀላል፤ ፈረሰኛና መሬት ላለው ሰው ግን ይከብዳል። ከእንደዚህ ያሉት የጦር አለቆች መካከል በከሬ ጎዳና በለቃ ነቀምቴ ኃይሉን አጸና፤ ልጁ ሞሮዳም በአባቱ ፋንታ ተተክቶ ሞቲ፣ ማለትም ገዥ፣ ሆነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በነቀምቴ ጥያቄው የማን ጓድ ተራ ነው የሚል መሆኑ ቀርቶ የማን ልጅ ነው የሚል ሆነ።

ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በእምባቦ ተዋግተው ድሉ ለሸዋ በሆነ ጊዜ፣ ሞሮዳ ከምኒልክ የጦር አዛዥ ከራስ ጎበና ጋራ በሰላም ተስማምተው ገበሩ። በዚህ ውሳኔያቸው አገራቸውን ከጥፋት፣ ቤታቸውንም ከመነቀል አዳኑ፤ ደጃዝማች ተብለው በገዛ አገራቸው ላይ ሾሚና ሻሪ ሆነው ቀሩ። እንደ ጅማ፣ እንደ ለቃ ቄለምና እንደ ቤኒ ሻንጉል፣ ለቃ ነቀምቴም ግብሯን እየላከች በውስጥ አስተዳደሯ በራሷ ባላባት የምትተዳደር ሆነች። ነገር ግን ከዚህ በኋላ ወራሽ የሚሆነው ልጅ ሁለት ፈቃድ ያስፈልገው ነበር፤ አንደኛው ከአባቱ ቤት፣ ሁለተኛው ከአዲስ አበባ። የአባቱ ደም ብቻውን አይበቃውም፤ የንጉሠ ነገሥቱም ሹመት ያለ አባቱ ደም በዚያ አገር አይጸናም።

ሞሮዳ ያረፉበትና ኩምሳ የተተኩበት 1881 ዓ.ም. ገደማ፣ ለመላው ኢትዮጵያም የወራሽነት ዓመት እንደ ነበር ልብ ይሏል። በዚያው ዓመት በመጋቢት መባቻ ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ቈስለው ሲያጣጥሩ፣ ራስ መንገሻ ልጄና ወራሴ ነው ብለው ተናዝዘው ነበር። ኑዛዜው ግን ከሞት አልጋ የተነገረ፣ ቀድሞ ያልተዘጋጀ፣ በመኳንንቱም ልብ ያልተተከለ ስለ ነበር፣ ዙፋኑን ያገኙት ረዥም ዘመን ሲዘጋጁ የኖሩት ምኒልክ ሆኑ። የትግራዩ ወራሽ ሲቀር የነቀምቴው ወራሽ ጸና። ኩምሳ ገብረ እግዚአብሔር በሚል የክርስትና ስም ተጠርተው፣ በደጃዝማችነት ማዕርግ የአባታቸውን አገር ገዙ፤ አናሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጕሞ በ1891 ዓ.ም. በአውሮፓ ካሳተመ በኋላ፣ በ1896 ዓ.ም. ወደ ነቀምቴ የመጣው በእርሳቸው ዘመን ነው። በልጅነቱ ከወገኖቹ ተነጥቆ ለባርነት የተሸጠው፣ ከማንም አንዳች ያልወረሰው ይህ ሰው፣ እስከ ሰኔ 1923 ዓ.ም. ዕረፍቱ ድረስ የሠራው ሥራ ከብዙ ባላባት ርስት ይልቅ ተወራሽ ሆኖ መኖሩን ሳስብ፣ ስለ ወራሾች በምጽፈው በዚህ ጽሑፍ ስሙ ሊቀር አይገባውም እላለሁ።

ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር የዚህ ቤት አራተኛ ትውልድ ናቸው፤ የወራሽነት ዕዳ ከሁሉ ይልቅ የከበደውም በእርሳቸው ላይ ነው። አባት የተከሉትን ከማዕከላዊው መንግሥት ጋራ የመኖር ጥበብ ወርሰው በአባታቸው አገር ቢሾሙ፣ የወረሱት ጥበብ የቆመበት ምሰሶ በአንድ ወር ውስጥ ወደቀ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ስደት ሄዱ፤ የመንግሥቱ ቅሪት ወደ ጎሬ አፈገፈገ፤ የጣሊያንም ጦር ዋና ከተማውን ያዘ። ሰኔ 19 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች የምዕራቡን አገር ባላባቶች ለማግባባት በነቀምቴ አጠገብ በቦናያ ቢያርፉ፣ የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ወጣቶች ያሉበት የጥቁር አንበሳ ጭፍራ በሌሊት ደርሶ ጄኔራል ማሊዮኮንና ባልንጀሮቹን ገደለ። በዚህ መካከል ሀብተ ማርያምና ሌሎች የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች ኅብረት መሥርተው፣ በጎሬ በነበረው የእንግሊዝ ቆንስል በኩል ለመንግሥታት ማኅበር አቤቱታ ላኩ፤ አገራቸው በእንግሊዝ ሞግዚትነት እንድትጠበቅ ጠየቁ፤ ማኅበሩ ግን አልሰጣቸውም።

ይህን አቤቱታ አንዳንዱ ክሕደት፣ አንዳንዱ የነፃነት ጥያቄ ብሎ ይተረጕመዋል፤ ክርክሩም ዛሬ ድረስ አልበረደም። እኔ ከዚህ ክርክር አስቀድሞ ሊታይ የሚገባው ሌላ ነገር አለ ባይ ነኝ። ሞሮዳ በ1874 ዓ.ም. ያደረጉትን ልጅ ልጃቸው በ1928 ዓ.ም. ሊደግሙት ሞከሩ፤ ከሩቅ ከሚመጣ ብርቱ ኃይል ጋራ ቀድሞ ተስማምቶ ቤትንና አገርን ማትረፍ። ይህ ዘዴ በአያት ዘመን ሠርቶ ነበር። ዓለም ግን ተለውጦ ነበርና የአያት መድኃኒት ለልጅ ልጅ በሽታ አልሆነም። ወራሽ ከርስቱ ጋራ የአባቱን ዘዴ ይወርሳል፤ አባቱ ያንን ዘዴ ሲፈጥር የነበረውን ነፃ አእምሮ ግን ማንም በኑዛዜ ሊያወርሰው አይችልም። በጥቅምት ወር ጣሊያኖች ነቀምቴን ያዙ፤ ጣሊያን ከተባረረም በኋላ ወለጋ ጠቅላይ ግዛት ተብላ ከአዲስ አበባ በሚላኩ ሹማምንት ትተዳደር ጀመር እንጂ የበከሬ ቤት የቀድሞ ሥልጣኑን አልመለሰም።

የነቀምቴን ነገር ከመላው መንግሥት ነገር ጋራ ብናስተያይ፣ ቅቡዑን ወራሽ የማሳደግ ጥበብ በማዕከሉም ቢሆን እንደ ጎደለ እናገኛለን። በጥንት ዘመን ነገሥታቱ የዘመዶቻቸውን ወንዶች ልጆች በግሸን አምባ፣ በጎንደር ዘመንም በወህኒ አምባ ያስጠብቋቸው ነበር፤ እነዚያ መሳፍንት ዳዊት መድገምና ቅኔ መቀኘት ሲችሉ፣ አገር ማስተዳደርን ግን የሚማሩበት ስፍራ አልነበራቸውም። ልጅ ኢያሱ በግንቦት 1901 ዓ.ም. የምኒልክ ወራሽ ተብሎ ሲታወጅ ገና ብላቴና ነበር፤ አያቱ ታመው ሳሉ ጠበቀ፣ በ1906 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላም ቅብዐ ንግሥ ሳይቀባ ገዛ፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ተሻረ፤ ዕድሜውን ሙሉ ወራሽ ሆኖ ንጉሥ ሳይሆን ቀረ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ የአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ዕጣ ነው። በጥር 1923 ዓ.ም. አልጋ ወራሽነታቸው ሲታወጅ የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የታወጀው ሕገ መንግሥትም ዙፋኑ ከአባታቸው ዘር እንዳይወጣ ደነገገ። አባታቸው በመስከረም 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው እስኪወርዱ ድረስ ከ43 ዓመት በላይ ተጠባበቁ። በእነዚህ ዓመታት የወሎ ገዥ ተብለው ኖሩ፤ ነገር ግን የመንግሥቱ ዐቢይ ምክር፣ ዐቢይ ውሳኔና ዐቢይ ኀላፊነት ሁሉ በአባታቸው እጅ ብቻ ነበረ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ሽብር ጊዜ የመፈንቅለ መንግሥቱ ሰዎች አዋጃቸውን በሬዲዮ አስነበቧቸው፤ ከዚያ በኋላ የአባትና የልጅ መተማመን ምን ያህል እንደ ተጐዳ መገመት አያዳግትም። በጥር 1965 ዓ.ም. በደም ሥር ሕመም ተመትተው ለሕክምና ወደ ውጭ ሄዱ፤ ደርግም አባታቸውን ባወረደ ጊዜ በሌሉበት ንጉሥ ብሎ ጠራቸው፤ ስድስት ወር ያህል ቈይቶ ዘውዱን ጨርሶ ሻረው። በ1981 ዓ.ም. በስደት ሳሉ ዐምኃ ሥላሴ በሚል ስመ መንግሥት ዐፄ ተባሉ፤ በጥር 1989 ዓ.ም. በአሜሪካ ዐረፉ። ራባ ዶሪው ስምንት ዓመት እየተማረና እየተፈተነ ሲጠብቅ፣ አልጋ ወራሹ የአንድን ጐልማሳ ሙሉ ዕድሜ የሚያህል ዘመን ማዕርግ ለብሰው፣ ሥራ ግን ሳይሰጣቸው ተጠባበቁ። ከግል ጠባያቸው ይልቅ የተቀመጡበት ስፍራ በደላቸው ብዬ አምናለሁ፤ ማንም ሰው በዚያ ስፍራ ቢቀመጥ ከዚህ የተሻለ ሊወጣው መቻሉን እጠራጠራለሁ።

በዚሁ ዘመን ከወለጋ ባላባት ቤቶች የወጡ ልጆች ከዚህ የተለየ መንገድ አግኝተው ነበር። ደጃዝማች ጆቴ ቱሉ በገዟት በቄለም ከባላባት ወገን የተወለዱት ካሳ ወልደ ማርያም፣ አያቶቻቸው የያዙትን መንበር መውረስ በማይቻልበት ዘመን ስለ ተወለዱ ትምህርትን ወረሱ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆኑ፣ በኋላም በደጃዝማችነት የወለጋ ጠቅላይ ግዛት እንደራሴ ተባሉ። የቀድሞው ባላባት ልጅ ወደ አያቶቹ አገር በሹመት ደብዳቤ ተመለሰ። ለትምህርት በር የከፈተላቸው ያ የመንበር መዘጋት እንደ ሆነ አድርጌ አየዋለሁ፤ መንበሩ ክፍት ሆኖ ቢጠብቃቸው ኖሮ ምናልባት በደጁ ቆመው ይቀሩ ነበር። በደርግ ዘመን ተገደሉ፤ ከአገሪቱ ምሁራን አንዱን ያጣንበት ሞት ነው።

የነቀምቴው ቤትም ከዙፋኑ ቤት ጋራ በጋብቻ ተገናኘ። የደጃዝማች ሀብተ ማርያም ልጅ ማኅፀንተ፣ የንጉሠ ነገሥቱን የመጨረሻ ወንድ ልጅ ልዑል ሣህለ ሥላሴን አገቡ፤ ልዑሉ በ1954 ዓ.ም. በወጣትነት ዐረፉ፤ ልጃቸው ኤርሚያስ ሣህለ ሥላሴ በ1952 ዓ.ም. ተወልደው ነበርና በሕፃንነታቸው አባታቸውን አጡ። በእኒህ ሰው ሁለት የተዘጉ ወራሽነቶች ተገናኝተዋል፤ በአባታቸው የሰሎሞናዊው ዙፋን፣ በእናታቸው የለቃ ነቀምቴ ሞቲነት። በውጭ አገር የሚገኘው የዘውድ ምክር ቤት መሪ ሲሆኑ፣ ይህ ምክር ቤት በ1996 ዓ.ም. ከፖለቲካ ወጥቶ በባህልና በበጎ አድራጎት ሥራ እንደሚወሰን አስታውቋል። ዙፋን ለመመለስ ከመጠባበቅ ይልቅ ለወረሱት ስም ሥራ መፈለግ የሚያስመሰግን ነው፤ ብዙ የስደት መሳፍንት በዓለም ዙሪያ ይህን ለመወሰን አቅቷቸው ዕድሜያቸውን በተስፋ ጨርሰዋል።

ወራሽነት ግን የመሳፍንት ነገር ብቻ አይደለም። በጊምቢም ሆነ በነጆ፣ በሻምቡም ሆነ በደምቢ ዶሎ፣ ቡና ቀላ፣ ማለትም በቅቤ የበሰለው ቡና፣ ቀርቦ፣ የቅቤው ሽታ ቤቱን ሞልቶ፣ ሽማግሎች ሲመርቁ የተመለከተ ሰው፣ አንገፋው፣ ማለትም የበኵር ልጅ፣ ከወንድሞቹ ተለይቶ እንዴት እንደሚከበር ያያል። አባት ሲሞት የቤቱን አባትነት የሚረከበው፣ ታናናሾቹን የሚድረው፣ የደም ካሣና የመሬት ክርክር ሲነሣ የወገኑ አፍ የሚሆነው እርሱ ነው። ይህ ልጅ ገና ጡት ሳይጥል ወራሽ ነው። ደኅና አባት ያለው አንገፋ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ከአባቱ ጋራ ወደ ሽምግልና ይሄዳል፣ እንግዳ ይቀበላል፣ ከብት ሲሸጥ ዋጋ ሲቈረጥ ይሰማል፣ ሲሳሳትም በገዛ አባቱ አፍ ይታረማል፤ በአባቱ ሬሳ ፊት ቆሞ የቤቱን ኀላፊነት ሲቀበል አዲስ ነገር አይሆንበትም። አባቱ ሁሉን በእጁ ጨብጦ፣ መሬቱንም ዕዳውንም ደብቆ የያዘበት አንገፋ ግን፣ ፀጉሩ ሸብቶ እንኳ ልጅ ተብሎ ይኖራል፤ አባት ሲሞት የሚመጣው ጠብም የወንድሞቹ ክፋት ብቻ አይደለም። ብዙ ቤቶች ከቀብር በኋላ ሲፈርሱ ሰው ውርሱን ይወቅሳል፤ ሊወቀስ የሚገባው ግን ከቀብሩ በፊት የነበረው ዝምታ ነው።

በኅዳር 2009 ዓ.ም. የገዳ ሥርዓት በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲገባ፣ በየስፍራው የባሊ ርክክብ በአደባባይ መታየት ጀምሮ ነበር። ብዙ ሰው የሚያየው ላባውንና ቦኩውን፣ ማለትም የሥልጣን በትሩን፣ ፈረሱንና ልብሱን ነው፤ ፎቶግራፍም የሚነሣው ያን ቀን ነው። ሥርዓቱን ለማደስ የሚደክሙ ሽማግሎች ከዚያ በዓል ይልቅ ከእርሱ በፊት ያሉትን ስምንት ዓመታት፣ ራባ ዶሪዎቹ በጉባኤ ተቀምጠው ሕግ የሚያጠኑበትን ዘመን ቢያስቀድሙ፣ ለትምህርት ቤቶችም፣ ለአድባራትም፣ ለመሥሪያ ቤቶችም፣ ሹመት ለሚተላለፍበት ስፍራ ሁሉ የሚጠቅም ነገር ከወለጋ ምድር ይወጣል። አለቃው ጡረታ ሊወጣ ወር ሲቀረው ተተኪ የሚፈለግባቸው ስንት መሥሪያ ቤቶች አሉ! ደብሩን ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ መሪጌታ ዜማውን ለማን እንዳስተላለፉ ሳይታወቅ ከዚህ ዓለም የተለዩባቸው ስንት አጥቢያዎች አሉ! የተረኛውን ስም አስቀድሞ መናገርና ስምንት ዓመት ማስተማር የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ በሥልጣን ላይ ያለውን ሰውም አያሳንሰውም፤ ካስረከበ በኋላ ዩባ ሆኖ የሚመክረው ሰው ይኖረዋልና።